«ማን ከፍሎህ ነው?» ማለት ነውር አይደለም

«ሰው ሐሳቡን ለሴኔተሩ ስለ ተናገረ ይመዘገባል እንዴ?»

አይመዘገብም። የራሱን ሐሳብ የሚናገር አይመዘገብም። የሚመዘገበው የሌላውን ሐሳብ በደመወዝ የሚናገር ነው።

«ታዲያ በደመወዝ መናገር ወንጀል ነው?»

አይደለም። ጥፋቱ መደበቁ ነው። ጠበቃ ችሎት ፊት ሲቆም ዳኛው «የማን ጠበቃ ነህ?» ይለዋል፤ ጠበቃውም አይቀየምም፣ ስሙን ያስመዘግባል፣ ሙግቱን ይቀጥላል። ሕግ አውጪ ፊት የሚሟገተው ሰው ታዲያ በምን ሂሳብ ይቀየማል?

ስለ እነዚህ ተከፋይ አግባቢዎች፣ ስለ ሎቢስቶች፣ ምዝገባ በተነሳ ቁጥር ከወገኖቼ አፍ የምሰማቸውን ሰበቦች ሰብስቤ መጥቻለሁ፤ መልሴም አብሮኝ አለ። የማወራው በአብዛኛው ስለ ዋሽንግተን ስቴት ነው። ዲሲን ማለቴ አይደለም፤ ዋና ከተማዋ ኦሊምፒያ የሆነችውን፣ ሲያትልና አካባቢዋ ለብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ የሆኑባትን ስቴት ነው። ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እኛ ከመዝገብ ሸሽተን የመጣን ሰዎች ነን» ይሉኛል አንዳንድ ታላላቆቼ።

እውነትዎን ነው ጋሼ። የስም ዝርዝር ሲባል ደማቸው የሚቀዘቅዝ ሰዎች አውቃለሁ። ቀበሌ የመዘገበው ቤት ሌሊት ሲንኳኳ የሰሙ ናቸው። ይህን ፍርሃት ላቃልለው አልችልም፤ ላቃልለውም አልፈልግም። ነገር ግን ያ መዝገብ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚያየው። ባለሥልጣኑ ድሃውን ይመዘግባል፤ ድሃው ግን መዝገቡን አያይም። የኦሊምፒያው መዝገብ ከታች ወደ ላይ ያያል። እዚህ የሚመዘገበው ኩባንያው ነው፣ ባንኩ ነው፣ የሆስፒታሎች ማኅበሩ ነው፣ የሠራተኛ ማኅበሩም አይቀርለትም። ከተማውና ዩኒቨርሲቲው ሳይቀሩ ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት ያወጡትን ገንዘብ ያሳውቃሉ። አንባቢው እርስዎ ነዎት። እርስዎ ሲያነቡ ደግሞ ማንም «አንተ ማነህ?» አይልዎትም።

«መንግሥት ያወጣው መዝገብ ነው፤ መንግሥትን ማን ያምናል?»

ያወጣው ሕዝብ ነው። በ1972 የዋሽንግተን ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ኢኒሼቲቭ 276 የተባለውን ረቂቅ ለድምፅ አቀረቡ፤ በኖቬምበር ከመቶ 72 እጅ ድምፅ አግኝቶ ሕግ ሆነ። ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ሥልጣን ከመልቀቁ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ፣ የሎቢስቶች ክፍያ፣ የተመራጮች የግል ሀብት፣ የመንግሥት ሰነድ፣ አራቱም በአንድ ሕግ ተጠቀለሉ። ጠባቂ እንዲሆነውም ሰዎች ፒዲሲ የሚሉት ይፋ የማድረጊያ ኮሚሽን ተቋቋመለት። ሕጉ በመግቢያው ላይ ለማን እንደሚያደላ ሳያመነታ ይናገራል፦ እነዚህን ነገሮች የማወቅ የሕዝብ መብት፣ በምስጢር ይያዙልን ከሚል ከማንኛውም መብት እጅግ ይበልጣል ይላል። ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሕግ እንዲህ ወገን ለይቶ ሲቆም ማየት ያጽናናኛል።

«መዝገቡስ ምን ይላል? ስምና አድራሻ?»

ከዚያ በላይ ይላል። ሎቢስቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ወይም በተቀጠረ በ30 ቀን ውስጥ፣ ከሁለቱ በቀደመው ጊዜ ይመዘገባል። ማን ቀጠረው? ምን ያህል ሊከፍለው ተስማማ? በየትኛው ጉዳይ ላይ ነው የሚሠራው? እነዚህን ይጽፋል። ከዚያ በየወሩ፣ ወሩ ካለቀ በ15 ቀን ውስጥ፣ የተከፈለውንና ያወጣውን ያሳውቃል። ቀጣሪው ድርጅት ደግሞ በበኩሉ በዓመት አንዴ፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ የዓመቱን ወጪ ያስገባል። የሕጉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ከፋዩም ተከፋዩም ለየብቻ ስለሚጽፉ አንዱ የዘለለውን ሌላው ያወጣዋል። «ሕጉ ካለፈልኝ ይህን ያህል እጨምርልሃለሁ» የሚል ውልም የተከለከለ ነው። ገቢው በድል ላይ የተንጠለጠለ ሰው ለድሉ ሲል የማይሞክረው ነገር አይኖርምና ክልከላው ተገቢ ነው።

ሌላም አለ። ሎቢስቱ ራሱ ሳይታይ፣ በማስታወቂያና በጅምላ መልእክት ሕዝቡን አነሳስቶ ሕግ አውጪዎችን በደብዳቤ ማስጨነቅ ይቻላል። ወጪው ከተወሰነ መጠን ካለፈ ዘመቻውን ያካሄደው ወገን ይመዘገባል። ስለዚህ ስልክሽ ላይ «ለሴኔተርሽ አሁኑኑ ደውዪ» የሚል መልእክት በድንገት ሲመጣ፣ ጥሪው ከልብ የመጣ ይሁን ከካዝና ማጣራት ትችያለሽ።

«እኔስ? ነገ ስለ ልጆቼ ትምህርት ቤት ልናገር ኦሊምፒያ ብሄድ ስመዘገብ ልውል ነው?»

የለም እህቴ። ማንም ሳይከፍልሽ የምትናገሪ ሰው አትመዘገቢም። በኮሚቴ ግልጽ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ከመመስከር ሌላ ምንም የማያደርግም አይመዘገብም። ጋዜጠኛ ስለ ጻፈ አይመዘገብም። አልፎ አልፎ ጥቂት ቀን ብቻ ሞክሮ ለሕግ አውጪ ገንዘብ የማያወጣ ሰውም ነፃ የሚሆንበት አንቀጽ አለ። ቃልሽን ከቤትሽ ሆነሽ በቪዲዮ መስጠትም ይቻላል፤ ኦሊምፒያ ድረስ መንዳት አይጠበቅብሽም። ይህን ጮክ ብዬ የምናገረው «ፈቃድ ሳትይዝ ከተናገርክ ትከሰሳለህ» እያሉ ሰውን የሚያስፈራሩ ስላሉ ነው። ሐሰት ነው። ሰውን በሐሰት ዝም ማሰኘት ደግሞ ከመዋሸትም የከፋ በደል ነው።

«ሎቢስት ድሮም ነበር፤ ማን ሞተ?»

የድሮውን ካነሳህ አርቲ ሳሚሽን ላስታውስህ። በካሊፎርኒያ የቢራ ጠማቂዎች ወኪል ነበር። በሕዝብ የተሰጠው ሥልጣን አልነበረውም። በ1949 ኮሊየርስ የተባለው መጽሔት ታሪኩን ሲያወጣ፣ ሰውየው ጭኑ ላይ አሻንጉሊት አስቀምጦ ፎቶግራፍ ተነሳ፤ የአሻንጉሊቱንም ስም «ሚስተር ሌጂስሌቸር» አለው። ሚሊዮኖች ተሰልፈው የመረጡት ምክር ቤት በአንድ ሰው ጭን ላይ ተቀምጦ አፉን በሌላ ጣት ይከፍታል ማለቱ ነው። ያውም ደብቆ አልነበረም፤ ኮርቶ ነው። ምክር ቤቱ በእፍረት ሳሚሽን ከግቢው አገደ፤ ብዙም ሳይቆይ የሎቢስት ምዝገባ ሕግ ወጣ። ሳሚሽን መጨረሻ ላይ የጣለው ግን ግብር ማጭበርበሩ ነበር። በ1953 ተፈርዶበት፣ እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ በነበረው የማክኒል ደሴት እስር ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ታሰረ።

ማን ሞተ አልከኝ። ማንም አልሞተም። ድምፁን የሰጠ ሁሉ ግን ተዘርፏል።

«አንድ ምሳ ሕግ አውጪን ይገዛል?»

አንዱ አይገዛም። መቆጠር ያለበትም ለዚህ ነው። በዋሽንግተን ሕግ አንድ ተመራጭ ከአንድ ሰጪ በዓመት ከ50 ዶላር በላይ ስጦታ መቀበል አይችልም። ምግብ ግን «አልፎ አልፎ» ከሆነ ተፈቅዶ ነበር፤ አልፎ አልፎ ማለት ስንት ጊዜ እንደሆነ የወሰነ አልነበረም። በ2013 ጋዜጠኞች የሎቢስቶቹን ወርኃዊ ሪፖርት ከፍተው ደመሩት። በጣም ንቁ የሆኑት 50 ሎቢስቶች በዓመቱ መጀመሪያ አራት ወራት ብቻ ከ65 ሺህ ዶላር በላይ ለግብዣ አውጥተዋል። በተከታዩ ዓመት የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ቦርድ ቁርጡን ተናገረ፦ በዓመት ከ12 ግብዣ በላይ የለም።

ለእኔ 12ም ብዙ ነው። በሲያትል አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚጭነው ወንድሜ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን ቆማ የምታነጋው እህቴ፣ ሴኔተር እራት የሚጋብዙበት ገንዘብም ምሽትም የላቸውም። ምክር ቤቱ በጎዶሎ ዓመት 105 ቀን፣ በሙሉ ዓመት 60 ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው። በዚያ አጭር ጊዜ የ147 ሕግ አውጪዎች ሰዓት ውድ ነው። አንዱን ሰዓት የበላ ሌላውን ሰው አስርቦታል። ቢሆንም ልብ በሉ፤ ግብዣው የተቆጠረው ሎቢስቶቹ እንዲጽፉት ስለ ተገደዱ ነው። ባይጻፍ ኖሮ ጋዜጠኞቹ የሚደምሩት ቁጥር አያገኙም ነበር።

«እኔ ሾፌር ነኝ። ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ለአንተማ ከማንም በላይ ያደርግልሃል። በ2022 ማርች 31 ቀን የተፈረመው፣ ለኡበርና ለሊፍት ሾፌሮች በስቴት ደረጃ ዝቅተኛ ክፍያ የወሰነው ሕግ የወጣው ኦሊምፒያ ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ሕጉ ሲጻፍ የተቀመጠው መነሻ ከሲያትል ውጭ በደቂቃ 34 ሳንቲም፣ በማይል 1 ዶላር ከ17 ሳንቲም፤ ሲያትል ውስጥ ደግሞ በደቂቃ 59 ሳንቲም፣ በማይል 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም። ኪስህ የሚገባውን ሳንቲም እስከ መጨረሻው የቆረጡት አንተ መሪ ይዘህ ሳለህ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። በአንድ በኩል ኩባንያዎቹ፣ በሌላ በኩል ለሾፌሮች የቆመው የቲምስተርስ ሠራተኛ ማኅበር ተደራደሩ። ሾፌሩ ዝቅተኛ ክፍያ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ከመተግበሪያው ሲታገድም የሚሟገትበት መንገድ አገኘ። ኩባንያዎቹ ደግሞ ሾፌሩ ተቀጣሪ ሠራተኛ እንዳይባል፣ ከተሞችም እንደ በፊቱ የየራሳቸውን አዲስ ደንብ እንዳያወጡ አስደረጉ። ክፍያውን እደግፋለሁ፤ የከተሞቹ እጅ መታሰሩ ግን አሁንም ይቆረቁረኛል። በዚህ ካልተስማማኸኝ ለመሟገት ዝግጁ ነኝ። ነገር ግን ሁለታችንም ሙግታችንን የምንጀምረው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ማን ለማን ከፍሎ እንደ ተቀመጠ ካወቅን በኋላ ነው። እሱ ደግሞ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል።

«ትልልቆቹ ይመዘገባሉ ብለህ ነው? የሚያዘው ትንሹ ነው።»

ዴቪድ ፕላፍ ትንሽ ነው? የ2008ቱን የኦባማ ምርጫ ዘመቻ የመራ ሰው ነው። ኡበር ከገባ በኋላ በ2015 ለቺካጎ ከንቲባ ለራህም ኢማኑኤል በግል ኢሜይላቸው ስለ አየር ማረፊያ ጉዳይ ጻፈላቸው። ሎቢስት ሆኖ አልተመዘገበም ነበር። የከንቲባው የግል ኢሜይሎች ተሟግተው በወጡ ጊዜ ደብዳቤው ታየ። በፌብሩዋሪ 2017 የከተማዋ የሥነ ምግባር ቦርድ 90 ሺህ ዶላር ቀጣው፤ ኩባንያውንም 2 ሺህ። ቺካጎ የራሷ የከተማ ደንብ ነው ያላት፤ የስቴት ሕግ አይደለም። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ጓደኛህም ቢሆን፣ ኢሜይሉ የግል ቢሆንም፣ ተከፍሎህ ከጠየቅህ ተመዝገብ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በ2013 ዋሽንግተን ውስጥ ዘረ መላቸው የተለወጠ ምግቦች ምልክት ይለጠፍባቸው የሚል ኢኒሼቲቭ 522 ቀርቦ ነበር። የምግብ አምራቾች ማኅበር ከአባላቱ ልዩ መዋጮ ሰብስቦ በራሱ ስም 11 ሚሊዮን ዶላር ለተቃውሞው አፈሰሰ። ፔፕሲ፣ ኮካ ኮላና ኔስሌ ከጀርባው እንዳሉ መራጩ እንዳያይ ነበር። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ከሰሰ። በ2016 ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው ብሎ ቅጣቱን በሦስት እጥፍ አሳድጎ 18 ሚሊዮን ዶላር አደረሰው። ማኅበሩ ቅጣቱ በዛብኝ እያለ ዓመታት ተከራከረ፤ በጃንዋሪ 2022 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸናው። ይህ የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ጉዳይ ነው፤ የቆመበት ሕግ ግን ያው የ1972ቱ ነው።

ረቂቁ ግን ወድቋል፤ በጠባብ ልዩነት። ቅጣት የተሰጠን ድምፅ አይመልስም። ስለዚህ ነው መረጃው ከድምፁ በፊት መድረስ ያለበት፤ ስለዚህ ነው በየወሩ መጻፍ ያለበት። የዘገየ እውነት ለፍርድ ቤት ይጠቅም ይሆናል፤ ለመራጭ ግን ምንም አይጠቅመውም።

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ።»

ተረቱን አውቀዋለሁ። በሰማይ ቢሆንማ ቀና ብለን እናየው ነበር። ኦሃዮ ውስጥ መንገዱ በምድር ሥር ነበር።

ኦሃዮ የሎቢስት ምዝገባ ሕግ አላት። ፈርስት ኢነርጂ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ግን ምዝገባውን የሚያልፍበት ሌላ በር አገኘ። ከኩባንያውና ከአጋሮቹ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ጀነሬሽን ናው ወደተባለ ድርጅት ገባ። ድርጅቱ በፌዴራል የግብር ሕግ «የማኅበራዊ ደኅንነት» ድርጅት ስለሆነ ለጋሾቹን የመናገር ግዴታ አልነበረበትም። ከጀርባው የነበረው የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ላሪ ሃውስሆልደር ነው። በገንዘቡ ደጋፊዎቹን አስመረጠ፣ አፈ ጉባዔነቱን ያዘ፣ በ2019 ሃውስ ቢል 6 የተባለውን ሕግ አሳለፈ። ሕጉ ሁለት የኒውክሌር ማመንጫዎችን ለመደጎም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ በተራው ሰው የመብራት ሂሳብ ላይ የሚጭን ነበር። ዜጎች ሕጉን በሕዝብ ድምፅ እንሻር ብለው ፊርማ ማሰባሰብ ሲጀምሩ፣ ያው ገንዘብ እነሱን ለማክሸፍ ዋለ። ከፊሉም የሃውስሆልደርን የግል ዕዳ ከፈለ።

ሃውስሆልደር በጁላይ 2020 ተያዘ። በጁን 2023 የ20 ዓመት እስር ተፈረደበት። የስቴቱ ሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀ መንበር የነበረውና በኋላ ሎቢስት የሆነው ማት ቦርጀስ 5 ዓመት ተፈረደበት። ኩባንያው 230 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የኒውክሌሩ ድጎማ በ2021 ተሻረ።

«አየህ፣ የምዝገባ ሕግ እያለ ተሰረቀ። ታዲያ ሕጉ ምን ሠራ?»

ሌብነቱ የተፈጸመው ሕጉ ባልደረሰበት በኩል ነው። መልሱ ሕጉን ማስረዘም ነው። ሎቢስቱን መዝግቦ ለሎቢስቱ የሚከፍለውን መደበቅ ግማሽ ሥራ ነው፤ ግማሽ ሥራ ደግሞ ሌባን አያስቆምም። የድርጅት ስም መመዝገቡ አይበቃኝም። ከድርጅቱ ጀርባ ማን እንዳለ ካልተጻፈ ለኦሃዮ መብራት ከፋይ ምንም አልተነገረውም ማለት ነው።

አሁን በቁም ነገር ወደምወስደው ሙግት ልምጣ።

«ስም ማውጣት ደካማውን ያጋልጣል። በ1958 የተፈረደውን የአላባማ ጉዳይ አታውቅም?»

አውቃለሁ፤ ደግሞም አከብረዋለሁ። የአላባማ ባለሥልጣናት ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ኤንኤኤሲፒን የአባላትህን ዝርዝር አምጣ አሉት። ዝርዝሩ ቢሰጥ ሰው ከሥራ ይባረር፣ ቤቱ ይቃጠል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ አይሰጥም አለ፤ ትክክል ነበር። የእኛም ሰው ይህን ፍርድ ሊወደው ይገባል። ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1954፣ በሃሪስ ጉዳይ ለሕግ አውጪ በቀጥታ ለመናገር የሚከፈለውና የሚከፍለው ማንነታቸውን እንዲናገሩ ማስገደድ ይቻላል ብሏል። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ኧርል ዋረን ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ ጥቂቶች የሕዝብ ደኅንነት ተሟጋች መስለው ሲናገሩ የሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥም ይችላል፣ ተመራጩም ማን እያነጋገረው እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

ሁለቱ ፍርዶች አይጣሉም። በመንግሥት የሚሳደድ የማኅበር አባል ይጠበቅ። ለሎቢስት በወር ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፍል ኩባንያ ግን የሚያሳድደው የለም። የተሳደደውን ሰው ልብስ ለብሶ ሲመጣ «ይህ የእኔ ወገን ልብስ ነው፣ አውልቅ» ማለት አለብን።

«ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው ግን ይፋ መሆን ይፈልጋሉ?»

ሁልጊዜ አይደለም፤ ለዚህም ነው ዐይናችንን መንቀል የማይገባን። በፌብሩዋሪ 2018 የዋሽንግተን ምክር ቤት ራሱን ከመንግሥት ሰነድ ሕግ የሚያስወጣ ረቂቅ በ48 ሰዓት ውስጥ አሳለፈ። በሴኔቱ 41 ለ7፣ በተወካዮች ምክር ቤት 83 ለ14። ሁለቱም ፓርቲዎች ተባብረው ነው። ጋዜጦች በፊት ገጻቸው ላይ ርዕሰ አንቀጽ አወጡ፤ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ የስልክ ጥሪና ደብዳቤ የገዥው ቢሮ ደረሰ። ገዥው ጄይ ኢንስሊ በማርች 1 ቀን ሻሩት። ያን ጊዜ የደወሉት ሰዎች ሎቢስት አልነበሩም። ማንም አልከፈላቸውም። አሸነፉ።

«ይህ የፈረንጆቹ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ አገር ነገር ምን ይጠቅማል?»

በ2007 ኤች አር 2003 የተባለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት እንዲኖር የሚጠይቀው ረቂቅ የአሜሪካን የተወካዮች ምክር ቤት በኦክቶበር 2 ቀን አልፎ ነበር። ዲያስፖራው ለዚያ ረቂቅ በየከተማው ደብዳቤ ጽፏል፣ ተሰልፏል። በሴኔቱ በኩል ግን ሳይጸድቅ ቀረ። የዚያን ጊዜው የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ታላቅ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ እንደነበር ሕዝብ ማወቅ የቻለው በ1938 የወጣው የውጭ አገር ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ውሉ እንዲገለጽ ስለሚያስገድድ ነው። ያ ሕግ የፌዴራል ነው፤ ከስቴቶቹ ሕግ ይለያል። ግን አስቡት፦ ከድሃ አገር ካዝና ወጥቶ ዋሽንግተን ዲሲ ላሉ ጠበቆች የተከፈለን ገንዘብ አዲስ አበባ ያለ ዜጋ ከራሱ መንግሥት ሊሰማው አልቻለም፤ ከአሜሪካ መዝገብ አነበበው። ከዚያ ወዲህም የትኛውም መንግሥትና የትኛውም ተቃዋሚ እዚያ ሎቢስት ሲቀጥር በዚያው ሕግ ሥር ነው። ለአንዱ ወገን ሲሆን ማጋለጥ፣ ለሌላው ሲሆን ስም ማጥፋት የሚባል ነገር የለም። የእኔ ወገን ሲከፍልም ይጻፍ።

«ማኅበራችን ለትርፍ ያልተቋቋመ ነው፤ ስለዚህ ሕግ አውጪ ማነጋገር አይፈቀድለትም።»

ይህን ከስንት የማኅበር ሊቀ መንበር ሰማሁ! ስህተት ነው። የተከለከለው ዕጩን መደገፍ ወይም መቃወም ነው። ስለ ረቂቅ ሕግ ሕግ አውጪን ማነጋገር በልክ ይፈቀዳል። ከ1976 ጀምሮ ልኩን በቁጥር የሚያሳይ መንገድም አለ፦ ቅጽ 5768ን ሞልቶ የላከ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከዓመት ወጪው የመጀመሪያ 500 ሺህ ዶላር ውስጥ እስከ 20 ከመቶውን ለዚህ ማዋል ይችላል። ዓመታዊ ወጪው 200 ሺህ የሆነ ማኅበር 40 ሺህ ዶላር ማለት ነው። የበጎ ፈቃደኞች ነፃ ጊዜ ወጪ ሆኖ አይቆጠርም። ቤተ እምነቶች ይህን ቅጽ መጠቀም አይችሉም፤ እነሱ ሕግ አውጪን ማግባባት የሥራቸው ሰፊ ክፍል እንዳይሆን በሚለው ጠቅላላ ደንብ ይተዳደራሉ። ማኅበሩ ሰው ቀጥሮ፣ ከፍሎ፣ ኦሊምፒያ ከላከ ግን እንደ ማንኛውም ቀጣሪ ያሳውቅ። ከኡበር የምንጠይቀውን ከራሳችን ካልጀመርን ጥያቄያችን ባዶ ነው።

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የምክር ቤቱ ጉባዔ የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት በየማኅበራችሁ፣ በየዕድራችሁ አንድ ወጣት መድቡ። በየወሩ 15ኛው ቀን ካለፈ በኋላ የፒዲሲን ድረ ገጽ ይክፈት፤ በእናንተ ኪራይ፣ በእናንተ ሆስፒታል፣ በእናንተ የሥራ ሰዓት ላይ ማን ለማን ምን ያህል እንደከፈለ ይፈልግ፤ ለአባላቱም በአማርኛ ያንብብላቸው። ክፍያ የለውም። የጎደለ ወይም የተደበቀ ነገር ካገኛችሁ ማንኛውም ሰው ለኮሚሽኑ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ጠበቃ መያዝ አያስፈልግም።